ማመልከቻ ጸሐፊውን አባታችንን እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ፋብሪካ የሚሠራ ወንድም፣ እህት ወይም ባል ላላችሁ ነው። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ማታ ፈረቃ ላይ እያለ ፕሬስ ማሽን የቀኝ እጁን 2 ጣቶች ቆረጠበት። ሐኪም ቤት ያደረሱት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፣ እነሱም ባጃጅ ለምነው። በሳምንቱ ድርጅቱ ጠርቶት «ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ጓንት አላደረግህም» አለና 5,000 ብር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለኝም» የሚል ወረቀት አቀረበለት። እጁ በፋሻ ስለተጠቀለለ መፈረም አልቻለም፤ ነገ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈው።

ከዚያ ወዲያ ያየነውን ጠላቴም አይየው። አንዱ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ «ለፍርድ ቤት መክፈቻ» ብሎ 4,000 ብር ወስዶ ስልኩን ዘጋብን። ለካ ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለም! ሌላው ከሚገኘው ሲሶው የኔ ነው አለ። አንድ ቢሮ ደግሞ ጸሐፊዋ የወንድሜን እጅ አየችና ምንም ሳትጠይቀው የቀለም ፓዱን ገፋ አደረገችለት፣ በአሻራ ይፈርም ብላ። 10ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ነው። አንገቱን ደፍቶ አውራ ጣቱን ነከረ። ያን ቀን እራት አልበላም።

እኚህን ማመልከቻ ጸሐፊ አባት የጠቆመችን ቡና የምታፈላ ጎረቤታችን ናት። ወረቀታችንን ከማየታቸው በፊት እጁን አዩ። «ያምሃል ልጄ?» አሉት። ከእናታችን በቀር እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ቀጥለው «ጓንቱን ፈርመህ የተቀበልክበት መዝገብ አለ?» አሉ። ወንድሜ ዝም አለ። 4 ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን ጓንት ተሰጥቶት አያውቅም። «ታዲያ ያልሰጡህን ምኑን ነው ያላደረግኸው?» አሉት። እኛ ለወራት ስንጨነቅበት የኖርነው «ጓንት አላደረግህም» የሚለው የድርጅቱ ክስ በዚህች ጥያቄ ተነነ።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንደሚጠየቅ፣ የሕክምናው ወጪም የሱ እንደሆነ ነገሩን። ሠራተኛው እየታከመ ሥራ መግባት ካልቻለ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንስ ያገኛል። ለቋሚ ጉዳቱ የሚከፈለው ካሳ የሕክምና ቦርድ አይቶ በሚሰጠው መቶኛ ነው። ስሌቱ እኔ እስካሁን አልገባኝም፤ እሳቸው ግን እንደ ዳዊት ነው የሚያውቁት።

ጽፈው ሲጨርሱ ወንድሜ የቀለም ፓድ ፍለጋ ጠረጴዛውን ቃኘ። «ምን ፈለግህ? እስክሪብቶው ይኸው። በግራህ ፈርም፣ አንቸኩልም» አሉና ወረቀቱ እንዳይሸሽበት በመዳፋቸው ያዙለት። ከኋላችን ሰው ቆሟል። ስሙን እየተንቀጠቀጠ እስኪጨርስ ድምፅ አላሰሙም። እኔ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ አለቀስኩ።

የጠየቁን 200 ብር ነው። ለሁለተኛው ደብዳቤ ደግሞ ገንዘባችንን መልሰው «ለታክሲያችሁ» አሉን።

ድርጅቱ በሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ተጠርቶ የጓንት መዝገብ አቅርብ ሲባል የሚያቀርበው አጣ። የ3 ወር ደመወዙንና የሕክምናውን ወጪ ከፍሎናል። ለካሳው የቦርዱን ውጤት እየጠበቅን ነው።

አባቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ! ወገኖቼ፣ ማንም የሰጣችሁን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ፣ በእናታችሁ ሂዱ። ስማቸውን ልጽፍ ብዬ ስጠይቃቸው «ጥላዬን ንገሪያቸው፣ ይበቃል» አሉኝ። አቃቂ፣ ከክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ ጥላ ነው። ከሰዓት ፀሐይ ስለሚዞርባቸው ወደ አጥሩ ጥግ ይጠጋሉ፤ ከመንገዱ ካጣችኋቸው እዚያ ፈልጓቸው።