ኩቦታ ኤል 4508 በበቾ መረሬ ላይ፦ ፎር ዊሉ መቼ ይግባ?

ከቱሉ ቦሎ ወጣ ብሎ በበቾ ሜዳ ላይ ያለንን የጤፍ፣ የስንዴና የሽምብራ ማሳ በኩቦታ ኤል 4508 ማረስ ከጀመርን ሁለት መኸር አልፏል። ትራክተሩ 45 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ ወደ ፊት ስምንት ወደ ኋላ አራት ማርሽ ያለው፣ ክብደቱም 1,365 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ ትንሽ ትራክተር ነው። ስለ ሞተሩ ብዙ የምለው የለኝም፤ አላሳፈረኝም። የምጽፈው ብዙዎቻችን ያለ ቦታው ስለምናስገባው ፎር ዊል፣ ማለትም ሞተሩ ከኋላዎቹ ሌላ የፊት ጎማዎቹንም እንዲያዞር ስለሚያደርገው ማስተላለፊያ ነው።

መረሬ አፈር የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ መሬቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ የኋላ ጎማው ጥፍር በጭቃ ይሞላና ጎማው መቆንጠጡን ትቶ ባለበት ይሽከረከራል። ልዩነቱን በዓይን ከመገመት ብለን አንድ ቀን የኋላ ጎማውን ጎን በጠመኔ አመልክተን ለካነው። ማረሻው ተነሥቶ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ትራክተሩ 37 ሜትር ሄደ። ባለ ሁለት ዲስኩን ማረሻ አስገብተን በኋላ ጎማ ብቻ ስናርስ በዚያው 10 ዙር የተጓዘው 29 ሜትር ብቻ ነበር፤ ፎር ዊሉን ስናስገባ 33 ሜትር ደረሰ። በመጀመሪያው አስተራረስ ከአምስት እጅ አንዱ ናፍጣና ጎማ ጭቃ ሲያቦካ ይውላል ማለት ነው። 10 ከመቶ አካባቢ የሆነ መንሸራተት በእርሻ ላይ የሚጠበቅ ነውና እኔ ከ15 ከመቶ ሲያልፍ አስገባለሁ። በዚህ አፈር ላይ ለሚያርስ ሰው ባለ ፎር ዊል ትራክተር ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ መሬቱ ቀላልና ደረቅ ለሆነ፣ ሥራውም በአብዛኛው ጋሪ መጎተት ለሆነ ሰው ግን ትርፍ ወጪ ነው።

ሆኖም ፎር ዊል ክብደት አይፈጥርም። ከኋላ የተንጠለጠለው ማረሻ ሲነሣ የትራክተሩ አፍንጫ ስለሚቀል፣ ከፊት የብረት ክብደት ካልተጫነ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ዳበስ ከማድረግ አያልፉም። ትራክተሩ እስከ አክስሉ ከሰመጠ በኋላ ማስገባትም ጉድጓዱን ያሰፋ እንደሆን እንጂ አያወጣም፤ መግባት ያለበት ጭቃው ከመድረሱ በፊት፣ ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላ ጥቅምም አለው። ትራክተሩ ፍሬን የሚይዘው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ስለሆነ፣ ጭነት ይዞ ከሜዳው ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቁልቁለት ስንጀምር ፎር ዊሉን እናስገባለን፤ ያን ጊዜ የፍሬኑ ኃይል በማስተላለፊያው በኩል የፊቶቹንም ጎማዎች ይይዛል። በደረቅ መሬት ላይ አፈር የሚፈጨው ሮታቬተር ትራክተሩን ከኋላ ወደ ፊት ሲገፋውም እንዲሁ ያግዛል።

የከፈልንበት ስሕተት አስፋልቱ ላይ ነው። የሸጠልን ሰው «ሁልጊዜ አስገብታችሁ ንዱት» ብሎን ስለነበር፣ ሾፌራችን የስንዴ ጋሪ እየጎተተ ለሳምንታት በጅማ መንገድ ላይ ፎር ዊሉን ሳያወጣ ተመላለሰበት። የፊት ጎማዎቹ ከኋለኞቹ ስለሚያንሱ ፈጥነው ይዞራሉ፤ እንዲያውም በጥቂቱ ቀድመው እንዲስቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በሁለቱ አክስሎች መካከል ይህን ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። ለስላሳ አፈር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ያስተነፍሰዋል፤ አስፋልት ግን ስለማያንሸራትት ጫናው ተመልሶ ዘንጉንና ጥርሶቹን ይጠመዝዛል፣ በተለይ ኩርባ ላይ። የፊት ጎማዎቹ ጥፍር ያለ ዕድሜው ተላጨ፤ አንድ ቀን ደግሞ ፎር ዊሉን የሚያስገባውና የሚያወጣው እጀታ ሁለት ሰው ቢስበው አልወጣ አለ። የጠራነው መካኒክ አንድም ብሎን ሳይፈታ ትራክተሩን ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ነዳው፤ የተጠመዘዘው ዘንግ ተፈታና እጀታው በሁለት ጣት ወጣ። ለዚህች ሥራ የጠየቀው ገንዘብ ቢያስቆጨኝም፣ ትምህርቱ ከዋጋው በላይ ነበር።

ጎማዎቹን ስንቀይር ጎሚስታው «ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይሻልሃል፣ አፍንጫው ከጭቃ ይርቅልሃል» አለኝ። እምቢ ብዬ የነበረውን 8-18 ቁጥር ጥንዱን ገዛሁ። የፊቱ ጎማ ቁጥር ከኋለኛው 13.6-26 ጋር ተመጣጥኖ የተሰላ ነውና፣ አንዱን ብቻ መለወጥ በአስፋልት ላይ ያየነውን ጥምዘዛ ወደ ማሳው ይዞ መግባት ይሆን ነበር።