ስለ ሞንጎሊያ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ወደ ብሉሚንግተን ላኩት

አሜሪካ፣ ብሉሚንግተን ከተማ፣ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሮ ያለው አንድ ማኅበር አለ። ስሙ ዘ ሞንጎሊያ ሶሳይቲ ይባላል። ይህን የምጽፈው እነሱን በአደባባይ ለማመስገን ነው። የሞንጎሊያን ታሪክ፣ ቋንቋ ወይም ባህል የሚያጠና ልጅ፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ካላችሁም ሳትጠራጠሩ ወደ እነሱ ጠቁሙት።

እኔ የምሠራው ዴንቨር አካባቢ በሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚህ ሐበሻው ብዙ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሞንጎሊያውያንም ብዙ ናቸው። ዴንቨር ከአክሱም ጋር እ.ኤ.አ. ከ1995፣ ከሞንጎሊያ ዋና ከተማ ከኡላን ባቶር ጋር ደግሞ ከ2001 ጀምሮ እህት ከተማ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሁለቱም ልጆች እኛ ጋ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ተረት ይሰማሉ። የአማርኛ መጻሕፍት ነበሩን። ለሞንጎሊያውያኑ ልጆች ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረንም። በአዲስ ዓመታቸው በፃጋን ሳር ሰሞን የልጆች ዝግጅት እንዲደረግና አንድ መደርደሪያ እንዲደራጅ ተወሰነ፤ ሥራውም ለእኔ ተሰጠኝ።

እርዳታ ፍለጋ ሌላ ቦታም ጠይቄ ነበር፤ መልስ የሰጠኝ የለም። ማኅበሩ ግን መለሰልኝ። ያውም ለይስሙላ አይደለም። ደብዳቤዬን ያነበቡት ሴትዮ የልጆቹ ዕድሜ ስንት እንደሆነ፣ ወላጆቻቸው ከየት እንደመጡ፣ መደርደሪያው ምን ያህል እንደሚይዝ ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ የላኩልኝ ዝርዝር ለእኛው ሰፈር ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። የትኛው መዝገበ ቃላት ለጀማሪ እንደሚሆን፣ የትኛው ለልጅ እንደሚከብድ ለይተው ጽፈውልኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው ቢሮ ውስጥ ማግኘት መታደል ነው።

ወላጆቻቸው ከየት መጡ የሚለው ጥያቄ ለምን እንዳስፈለገ በኋላ ገባኝ። የሞንጎሊያ አገር ሕዝብ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። ቻይና ውስጥ፣ በተለይ በውስጥ ሞንጎሊያ፣ የሚኖሩት ሞንጎሎች ግን ከዚያም ይበልጣሉ። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ ቡርያቶችና ካልሚኮች የሚባሉ የሞንጎል ወገኖች አሉ። በሞንጎሊያ ከ1940ዎቹ ወዲህ መጽሐፍ የሚታተመው ሩሲያኛ በሚጻፍበት በሲሪሊክ ፊደል ነው። የውስጥ ሞንጎሊያዎቹ ከላይ ወደ ታች የሚጻፈውን ጥንታዊውን ፊደል ይዘው ቆይተዋል። አሁን ሞንጎሊያም ያንን ፊደል በመንግሥት ሰነዶች ላይ ከሲሪሊኩ ጎን እየመለሰችው ነው። እኛ በስጦታ የመጡልንን የሁለቱን ዓይነት መጻሕፍት አንድ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠን፣ ማን የትኛውን እንደሚያነብ አናውቅም ነበር። ሴትዮዋ በፎቶ እያዩ አንድ በአንድ ለዩልን።

ሌላው ምክራቸው ስለ ዝግጅቱ ነበር። ሞንጎሊያ ሲባል ሁሉም ሰው ጀንጊስ ካንና ጦርነት ይላል። እሳቸው ከቤቱና ከከብቱ ጀምሩ አሉኝ። ስለዚህ ለልጆቹ የገርን፣ ማለትም ተነቅሎ የሚጓጓዘውን ክብ ድንኳን፣ አሠራር አሳየን። አምስቱን የሞንጎሊያ እንስሳት፣ ፈረስ፣ ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል፣ አስቆጠርናቸው። አፋር ወይም ቦረና ዘመድ ያለው የእኛ ልጅ ይህን ማብራሪያ ሳያስፈልገው ነው የሚረዳው። አናቱ ላይ የፈረስ ራስ የተቀረጸበትን ባለ ሁለት ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ ሞሪን ኹርን፣ አሰማን። በፃጋን ሳር ታናሽ ታላቁን ሰላም ሲል ክንዱን ከታላቁ ክንድ ሥር አድርጎ ይደግፈዋል። ይህን ስናሳይ የሐበሻ እናቶች ሳይነገራቸው ተነስተው ከሞንጎሊያ እናቶች ጋር እንዲያ ሰላም ተባባሉ። ከውስጥ ሞንጎሊያ የመጡ አንዲት እናት ደግሞ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ጥንታዊ ጽሑፍ ጮክ ብለው ሲያነቡ ሲሪሊክ ብቻ የሚያውቁት ልጆች ከበቧቸው።

ስለ ማኅበሩ ታሪክም ልንገራችሁ፤ ምስጋናዬን ያበዛው እሱ ነውና። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ያኔ አሜሪካና ሞንጎሊያ የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበራቸውም። የጀመሩት በጥር 1987 ነው። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ኤምባሲ ሳይኖር፣ ወደዚያ መሄድም ቀላል ሳይሆን፣ ጥቂት ምሁራንና ስደተኞች ያንን አገር ሲያጠኑና ሲያስተምሩ ኖሩ። ከእነሱ አንዱ ጎምቦጃብ ሃንጊን ናቸው። የተወለዱት ውስጥ ሞንጎሊያ ነው፤ አሜሪካ መጥተው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1986 የሞንጎልኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላታቸው ታተመ፤ በ1989 አረፉ። አገሩን ለቆ ቋንቋውን ለባዕድ ሲያስተምር የኖረ ሰው ድካም ምን እንደሆነ እኛ ስደተኞች እናውቀዋለን። እኔ ያንን መዝገበ ቃላት መደርደሪያው ላይ ሳስቀምጥ በጣም ነው የተሰማኝ።

ማኅበሩ በፖለቲካ ውስጥ አይገባም፤ ለትርፍም አይሠራም። ሞንጎልያን ስተዲስ የሚባል የጥናት መጽሔት ያሳትማል፤ ሌሎች መጻሕፍትም አሉት። ዓመታዊ ስብሰባ ያደርጋል። አባል ለመሆን ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፤ ዓመታዊ መዋጮ ከፍሎ ማንም ይገባል። እኔም ገብቻለሁ።

ስትጽፉላቸው ጥያቄያችሁን ለይታችሁ ጻፉ። "ስለ ሞንጎሊያ ንገሩኝ" ከማለት ይልቅ ለማን እንደሆነ፣ ምን ለመሥራት እንደሆነ ግለጹ። ቢሮው ትልቅ ስላልሆነ መልሱ በማግስቱ ካልመጣ ታገሱ። ኡላን ባቶር ድረስ የምትሄዱ ተመራማሪዎች ካላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመ፣ እዚያው ከተማ የራሱ ቤተ መጻሕፍት ያለው የአሜሪካ የሞንጎሊያ ጥናት ማዕከል አለ። እሱ ሌላ ተቋም ነው።

ለረዱኝ ሴትዮ በእንግሊዝኛ ለብቻ ጽፌላቸዋለሁ። ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው እዚህ አላወጣም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማኅበሩ በሃንጊን ስም የተሰየመ ስኮላርሺፕ አለው። ሞንጎላዊ ተማሪ አሜሪካ መጥቶ የሞንጎሊያ ጥናት እንዲማር የሚሰጥ ነው። እኛ ጋ ከሚመጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ስለሱ ሰምተው አያውቁም። ሞንጎሊያዊ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ያላችሁ ንገሩልኝ፤ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻቸው ያስተላልፉት።