ሐዲዱን በሚስማር፣ በኮላ ወይስ በአክሪሊክ?

ሞዴል ባቡር የጀመረ ጓደኛ ሁሉ «ሐዲዱን ጣውላው ላይ በምን ላጣብቀው?» ይለኛል። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ጠይቆኛል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መልሴ አክሪሊክ ማሸጊያ ነው። በመስኮትና በግድግዳ መሃል ያለውን ስንጥቅ የሚደፍኑበት፣ ሽጉጥ በሚመስል መግፊያ (ሽጉጥ ይሉታል) እየተገፋ የሚወጣው፣ ሳይደርቅ በውሃ የሚታጠበው ማለቴ ነው። በሚስማርም በእንጨት ኮላም ሠርቻለሁ። ሁለቱም ዋጋ አስከፍለውኛል።

ሚስማር ሲገዙት ርካሽ ይመስላል። ጉዳቱ የሚመጣው በመጨረሻዋ የመዶሻ ምት ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ አንድ ፉርጎ ሁሌ እዚያው ኩርባ ላይ ይወድቅብኝ ነበር። ጥፋቱ የጎማው ነው ብዬ አዲስ ጎማ ገዛሁ። አሁንም ወደቀ። በመጨረሻ ባትሪ አብርቼ፣ ዓይኔን ከጣውላው ጋር አስተካክዬ ሳይ፣ ሚስማሩ የተመታበት፣ ሁለቱን ብረቶች ከሥር የሚይዘው የፕላስቲክ አግዳሚ መሃሉ ወደ ታች ጎብጧል። ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ ዘንበል ብለዋል። ኤችኦ በሚባለው የሞዴል ባቡር ልክ በብረቶቹ መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትንሽ ከጠበበ ጎማው ሽቅብ ይወጣል። ሚስማሩን በፒንሳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሳደርገው ፉርጎው ሰተት ብሎ አለፈ። የጎማው ብር ግን በከንቱ ወጣ።

ርካሽ ሚስማር ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ፍሬ ስላለው ብቻ ደስ ብሎኝ የገዛሁት ፓኬት ነበር። ግማሹ ገና ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈውን ቡሽ ሳያልፍ ተጣመመ። የቀረው ጭንቅላቱ ሰፊ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። በአግዳሚዎቹ መሃል የሚነሰነሰውን ጠጠር በቀጠነ ኮላ ሳጣብቅ እርጥበቱ ደረሰውና ዛገ። በሚስማር ካልሆነ የምትሉ ከሆነ ቀዳዳውን በቀጭን መሰርሰሪያ አስቀድማችሁ ብሱት። መዶሻውን ተዉትና መጨረሻውን በፒንሳ ግፉት። ከጭንቅላቱ ሥር ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ይቅር። ሥራችሁ በጣውላ ፋንታ ፎም ሰሌዳ ላይ ከሆነ ግን ሚስማር አይይዝላችሁም፤ ብራችሁን አታውጡ።

ነጩ የእንጨት ኮላ ዋጋው አያስከፋም፣ ይይዛልም። ችግሩ ሲደርቅ ድርቅ ማለቱ ነው። የሞተሩን ድምፅ ወደ ጣውላው ያሳልፋል፤ ጣውላው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ሐዲዱን ማንሳት ስትፈልጉ ውሃ አፍስሳችሁ መጠበቅ አለባችሁ፤ ያን ጊዜ ጣውላውም ይጠጣና ያብጣል። እኔን ያቃጠለኝ ግን ማዞሪያው ነው፣ ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግረው ማለት ነው። ኮላው ከሥሩ ሰርጎ ተንቀሳቃሾቹን ብረቶች አጣበቀብኝ። ሁለት ማዞሪያ ጣልኩ። አንድ ማዞሪያ የስንት ቀጥታ ሐዲድ ዋጋ እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል።

አሁን ወደ አክሪሊኩ። ሽጉጡን ጨምሮ መጀመሪያ ሲታይ ውድ ይመስላል። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ቱቦ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስመር ብትገፉት ወደ 24 ሜትር ይሄዳል። ፔኮ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ተጣጣፊ ሐዲድ አንዱ 914 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቱቦ 26 ያህል ሐዲድ ታነጥፋላችሁ። የአንዱን ቱቦ ዋጋ ለ26 አካፍሉትና ከአንድ ሐዲድ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ሽጉጡ አንዴ ከተገዛ ለዓመታት ያገለግላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መስመሩን ገፍታችሁ ጣውላው ከሥሩ እስኪታይ ድረስ በስፓቱላ አሳሱት። ከበዛ በአግዳሚዎቹ መሃል ይወጣል። ሐዲዱን አስቀምጡ፣ ኩርባውን አስተካክሉ፣ ላዩ ላይ መጽሐፍ ጫኑበትና እስከ ነገ ተዉት። ሚስማር እዚህ ይጠቅማል፦ እስኪደርቅ ለጊዜው ይይዛል፣ ከዚያ ይነቀላል። ከማዞሪያው ተንቀሳቃሽ ክፍል ሥር ምንም አታድርጉ።

አክሪሊክ ከደረቀም በኋላ ትንሽ ይለጠጣል። ሐዲዱ የሚሠራበት የኒኬል ሲልቨር ብረት ርዝመቱ 3 ሜትር ቢሆንና ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። እንጨቱም በእርጥበት ያብጣል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ትንሽ ክፍተት መተው በማንኛውም መንገድ ግድ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ማንሳቱ ነው። ባለፈው የሐዲዱን አቀማመጥ ፕላን ስቀይር ቀጭን ስፓቱላ ከሥር እያሾለኩ 12 ሐዲድ አነሳሁ። አንድም አልተሰበረም። ሁሉም አሁን አዲሱ ሥራዬ ላይ ነው።

ስትገዙ ተጠንቀቁ። ላዩ ላይ አክሪሊክ የሚል ርካሽ ቱቦ ገዝቼ ስከፍተው የኮምጣጤ ሽታ ወጣው። ሲሊኮን ነበር። ሲሊኮን ላይ ቀለም አይይዝም፣ የጠጠሩ ኮላም አይጣበቅም። አንድ ጠብታ ጣታችሁ ላይ አድርጋችሁ በውሃ እሹት፤ ከታጠበ አክሪሊክ ነው። ቀኑንም እዩ። ያረጀ ቱቦ ውስጡ ደርቆ ሽጉጡን ብትጨምቁት ንቅንቅ አይልም።

ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተርና በሙቀት የሚቀልጠውን ኮላ ተዉአቸው። የመጀመሪያው ሐዲዱን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፣ ሁለተኛው ገና ሳታስቀምጡት ይደርቃል።

የተረፈውን ቱቦ አትጣሉት። አፉ ውስጥ ረጅም ብሎን አስገቡና አስቀምጡት። በሚቀጥለው ጊዜ ጫፉ ላይ የደረቀውን ከብሎኑ ጋር ትመዙታላችሁ፣ ከኋላው ያለው እርጥብ ሆኖ ይጠብቃችኋል።