የአባቴን አፍ በሙሉ ላየችልን የጥርስ ሐኪም ምስጋና

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት ወጣት ሐኪም አለች። ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጽፈውም፤ ሥራዋ ግን ተሸፍኖ እንዲቀር አልፈልግም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰውና ዕቃ በጀልባ ሲያመላልስ የኖረ፣ እኛንም በዚሁ ሥራ ያሳደገን ሰው ነው። ሲጋራ ከእጁ አይጠፋም ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ አረቄ ይጨመርበታል። ወደ ክሊኒኩ የወሰድነው የተነቃነቀ መንጋጋ ጥርሱን ለማስነቀል ብቻ ነበር።

እሷ ግን ወደ ጥርሱ አልቸኮለችም። ምላሱን በጎዝ ይዛ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሳበች ጠርዙን ተመለከተች፤ ወደ ላይ እንዲያነሳው አድርጋ ሥሩን በመብራት አየች፤ ጉንጩን ከውስጥ በጣቷ ዳሰሰች፤ ንፍፊት እንዳለ ለማወቅም ከአገጩ ሥር እስከ አንገቱ ድረስ በዝግታ ፈተሸች። በምላሱ ጠርዝ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ሲጠርጓት የማትለቅ ነጭ ሽፋን ተገኘች። አባቴ «እኔ እኮ አሞኝ አያውቅም» አላት። «አባባ፣ መጀመሪያ ላይ ስለማያም ነው ሰው የሚዘገየው» አለችው።

ከሁሉ የማመሰግናት ከዚያ በኋላ ስላነጋገረችው መንገድ ነው። አልተቆጣችውም፣ አላሸማቀቀችውም። በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስ፣ ከመጠጥ ጋር ይሁን ለብቻው፣ ሱረት ይጠቀም እንደሆነ፣ ጫት ሲቅም ሲጋራው ይበዛ እንደሆነ ጠየቀችው። ሲጋራም አልኮልም ለየብቻቸው የአፍ ካንሰር እንደሚያመጡ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አደጋው ተደምሮ እንደማይቀር፣ እንደሚባዛ ነገረችው። አልኮሉ የትምባሆው መርዝ በአፍ ስስ ቆዳ በቀላሉ እንዲያልፍ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ፣ አረቄም ሆነ ጠላ፣ አልኮሉ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛማ ኬሚካል ይለወጥና የሕዋሳትን ዘረ መል ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ከካንሰር አምጪዎች ጋር የመደበው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ሰፈር ግን ስለ አረቄ ሲወራ ጉበትና ጨጓራ እንጂ አፍ ተነሥቶ አያውቅም።

የታችኛውን ከንፈሩን ለብቻው አይታዋለች። ሐይቅ ላይ የሚውል ሰው ፀሐይዋ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከውኃው ላይ ነጥራም ስለምታገኘው፣ ለከንፈር ካንሰር ይጋለጣል። ታንኳ ቀዛፊና ዓሣ አጥማጅ ዘመድ ያላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጥላው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ትልቅ ነገር ነው።

የማያጨስና የማይጠጣ ሰውስ አይያዝም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ በተለይ ከምላስ ኋላና ከቶንሲል አካባቢ ካንሰር እንደሚያመጣ ነገረችኝ። በሀገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ተብሎ መሰጠት የጀመረው ክትባት የሚከላከለው ይህንኑ ቫይረስ ነው።

ሪፈር ጽፋ ብቻ አልተወችንም። ወደ ሆስፒታሉ ራሷ ደውላ ነገረችልን፤ ናሙናው ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣም ስለ አባቴ እየደወለች ትጠይቅ ነበር። ውጤቱ ካንሰር አይደለም፤ ሆኖም ሕዋሳቱ መለወጥ ጀምረው ነበር። ሽፋኑ ተቆርጦ ወጣ፤ አሁን በክትትል ላይ ነው። ሲጋራውን እግዚአብሔር ይመስገን ትቷል። አረቄውን ቀነሰ እንጂ አልተወም፤ እሷም በቀጠሮው ቁጥር ታነሣበታለች። እንኳን ተወለድሽልን፣ እጅሽ ይባረክ።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለአፍ ምርመራው የተለየ ክፍያ አልጠየቀችንም፤ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ወረፋው ይቀላል። የሚያጨስና የሚጠጣ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ያላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ሽፋን፣ የአንገት እብጠት ወይም ሲውጡ መቸገር ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ፤ ቀዩ ሽፋን ከነጩ ይልቅ እንደሚያሳስባት ነግራናለች። ሩቅ ያላችሁም በየአካባቢያችሁ ለጥርስ ስትታከሙ ምላስና ከምላስ ሥር ያለውን ጭምር እንዲያዩላችሁ ጠይቁ።