ዝይ የሚያየው ሊቅ፦ ከጅማ አንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ

ከሂርማታ ገበያ ብዙም የማይርቀው ይህ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ በአካባቢው የሚታወቀው በበርጩማዎቹ ነው፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ጥሩ ሥራዎች ናቸው፣ ዋጋቸውም አያስከፋም። እኔን ሁለት ጊዜ ያመላለሱኝ ግን በኋለኛው መደርደሪያ ላይ የተቀመጡት ሰማያዊና ነጭ የቻይና ሳህኖች ናቸው። የቡና ሲኒያችን ስሙን ያገኘው «ቻይናዊ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በጅማ መገኘቱ እንግዳ አይሆንበትም።

በአንደኛው ሳህን መካከል እጅጌው የሰፋ ቀሚስ የለበሰ ጢማም ሰው ውሃ ዳር ተቀምጦ ሁለት ዝይዎችን ይመለከታል፤ ከኋላው አንድ ብላቴና የተጠቀለለ ጽሑፍ ታቅፎ ቆሟል። ባለሱቁ «እረኛ ነው» ብለውኛል። በቻይና ሥዕል ከዝይ ጋር የሚሣለው ሊቅ ግን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ዋንግ ሺዥ ነው፤ በእኛ አነጋገር ቁም ጸሐፊ ልንለው የምንችል፣ የእጁን አጣጣል ከዝይ አንገት እንደተማረ የሚተረክለት ሰው። በሁለተኛው ሳህን ላይ ክሪሳንተም አበባ የያዘው ሽማግሌ ደግሞ ሹመቱን ትቶ ወደ እርሻው የተመለሰው ባለቅኔ ታኦ ዩዋንሚንግ ሳይሆን አይቀርም። ከሊቃውንቱ ኋላ የሚከተለውን ብላቴና ሳይ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የቆሎ ተማሪ ትዝ ይለኛል።

ቅሬታዬ በዕድሜው ላይ ነው። ባለሱቁ የዝይውን ሳህን ገልብጠው በሥሩ የተጻፉትን ስድስት የቻይና ፊደላት እያሳዩ «ልጄ፣ ይኸው 500 ዓመቱ» አሉና 18,000 ብር ጠሩልኝ። ፊደላቱ በእርግጥ ሳህኑ በሚንግ ሥርወ መንግሥት፣ በቼንግኋ ዘመን (ከ1465 እስከ 1487 እ.ኤ.አ.) ተሠራ ይላሉ፤ ነገር ግን በሸክላ ዕቃዋ የታወቀችው የቻይና ከተማ የጂንግደዠን ሠሪዎች ከ1662 እስከ 1722 በቆየው በካንግሺ ዘመንም ለቀደሙት ክብር ሲሉ ይህንኑ ምልክት ይጽፉ ስለነበር፣ ዛሬም የሚጽፉ ስላሉ፣ ምልክት ብቻውን ዕድሜ አይመሰክርም። የሚመሰክረው ቀለሙ ነው። በእጅ የተሣለ ኮባልት፣ ማለትም ሰማያዊው ቀለም፣ ብሩሹ ባረፈበት ይጠቁራል፣ በሮጠበት ይሳሳል። በሱቁ ውስጥ ያለው አምፖል ደካማ ስለሆነ ሳህኑን አስፈቅጄ ወደ በሩ አወጣሁት፤ በፀሐይ ሲታይ ሰማያዊው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፣ ጠርዙን በሚዞረው ሐረግ ላይም አንዱ ቅጠል በግማሽ ተቆርጦ ሌላው ቅጠል እዚያው ይጀምራል። ይህ የታተመ ጌጥ ሲገጣጠም የሚተወው ስፌት ነው።

ስፌቱን ሳሳያቸው ባለሱቁ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት፤ አልተቆጡም፣ «እኔም የገዛሁት እንዲሁ ተብዬ ነው» አሉ። በ2,500 ብር ተስማማን። ለሥዕሉ ሲባል የሚገባው ዋጋ ነው፤ አሁን ቡና ሲፈላ ቆሎ የምናቀርበው በእርሱ ላይ ነው፣ ሊቁም ቆሎው ሲያልቅ ብቅ ይላል።