በደረቴ ውስጥ ያለው ቫልቭ፦ የ14 ወራት ልምድ
በልጅነቴ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ባስከተለብኝ የሩማቲክ የልብ በሽታ ምክንያት ማይትራል የሚባለው የልቤ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ በር) ተበላሽቶ፣ ከ14 ወራት በፊት በሰው ሠራሽ ተተካልኝ። ሰው ሁሉ «የብረት ቫልቭ» ይበለው እንጂ፣ እንደ መስኮት መዝጊያ የሚከፈቱትና የሚዘጉት ሁለት ክንፎቹ ከካርቦን የተሠሩ ናቸው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ሌሊት የመኪናው ድምፅ ጋብ ሲል «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለቱ በጉልህ ይሰማል፤ ባለቤቴ በመጀመሪያው ሰሞን የግድግዳው ሰዓት መስሏት አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከትታው ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያስጨነቀኝ የመሰበሩ ነገር ነው። ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1986 ለገበያ የቀረበው አንዱ የብዮርክ ሻይሊ ቫልቭ ሞዴል፣ ዲስኩን ደግፎ የሚይዘው የተበየደ ሽቦ እየተሰበረና ዲስኩ ከቦታው እየወጣ ብዙ ሕሙማን ሞተዋል። በዓመት ከ35 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ለሚከፈትና ለሚዘጋ ዕቃ የብየዳ እንከን ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የተገጠመልኝ ዓይነት ግን እንዲህ ያለ ሽቦ የለውም፤ መሰበሩም እጅግ ብርቅ ነው።

የእኔ ቫልቭ የታወከው በሌላ መንገድ ነው። በሁዳዴ ጾም ጎመን በየቀኑ እበላ ነበር፤ ጎመን ደግሞ በያዘው ቫይታሚን ኬ የተነሣ ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ የምወስደውን የደም ማቅጠኛ፣ የዋርፋሪንን፣ ሥራ ያዳክማል፤ ከሆስፒታል ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አልተጻፈም። በዚያው ሰሞን መድኃኒቱ ከሰፈሬ ፋርማሲ ጠፋና አራት ቀን ዘለልሁ። ከተማ ገብቼ መግዛት ስችል የታክሲውን ሰልፍ ፈርቼ መቅረቴ የራሴ ጥፋት ነው። ከፋሲካ በኋላ ወደ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ሌሊት የማውቀውም ድምፅ ታፍኖ ነበር። በዚህ ቦታ ለተተከለ ቫልቭ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን የሚገባው የአይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካ ምርመራ፤ ሲያንስ ደም በቀላሉ ይረጋል) ውጤቴ 1.6 ሆኖ ተገኘ፤ በልብ አልትራሳውንድም አንደኛው ክንፍ በረጋ ደም ተይዞ በግማሽ ብቻ ሲከፈት ታየ። ዘጠኝ ቀን ተኝቼ በመርፌ በሚሰጥ የደም ማቅጠኛ ከታከምሁ በኋላ ክንፉ ተላቀቀ።

ዕቃውን ብቻ ብገመግም እንከን አላገኘሁበትም። ጎመኑን አልተውሁም፤ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ዋናው ነገር መጠኑን አለመለዋወጥ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እበላለሁ፤ የአንድ ወር መድኃኒትም ሁልጊዜ በመጠባበቂያነት ቤት ይቀመጣል። ሰዓቱ እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ ሌሊት የቫልቩን ድምፅ ከሌላ ድምፅ ሳይቀላቀል መስማት ትፈልጋለች።