ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ጋሼ ዘንድ ጎራ በሉ

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። የማመሰግናቸው ሰው ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም። "ከጻፍክም ስለ ሥራው ጻፍ፣ እኔን ተወኝ" ብለውኛል። እኛ ተማሪዎቹ ጋሼ ነው የምንላቸው። እዚህም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ጋሼ እዚህ ሀዋሳ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ይሠራሉ። ሥራቸው በቢዝነስና በኢኮኖሚክስ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎችንና መምህራንን ማገዝ ነው። እኔ ቀን ቀን ባንክ፣ ብድር ክፍል ውስጥ ነኝ። ማስተርሴን የተማርኩት በኤክስቴንሽን ነው። ቴሲሴ ላይ በምስጋናው ገጽ ሁለት መስመር ሰጥቻቸዋለሁ። ግን ሁለት መስመር የት ይደርሳል?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለብዙዎቻችን ላይብረሪ ማለት ፈተና ሲደርስ ቦታ የምንይዝበት አዳራሽ ነው። እዚያ የሚሠራው ሰው ደግሞ መጽሐፍ የሚያወጣ፣ መታወቂያ የሚይዝ፣ "ድምፅ ቀንሱ" የሚል ነው። ከጥግ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጦ ጥናታችሁን ከሥር ከመሠረቱ የሚያስተካክል ባለሙያ እንዳለ የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ከሁሉም የሚገርመው አገልግሎቱ በነፃ መሆኑ ነው።

ርዕሴ የአነስተኛ ነጋዴዎች የብድር ተደራሽነት በሀዋሳ ከተማ ነበር። ጋሼ ርዕሱን ሰምተው ሲያበቁ መጽሐፍ አላወጡልኝም፣ ኮምፒውተሩንም አልነኩም። አንድ ያገለገለ ወረቀት ገልብጠው መሀሉ ላይ መስመር አሰመሩ። በአንድ በኩል "ማን ቆጠረው?" ብለው ጻፉ። በሌላው በኩል "ለምን ቆጠረው?" አሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። "ሙላ" አሉኝ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የእሳቸው ትምህርት ግን በሙሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ቁጥር ያለ ባለቤት አይገኝም። ገቢዎች የሚቆጥረው ለግብር ነው። ብሔራዊ ባንክ የሚቆጥረው ባንኮችን ለመቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ፣ ገበያ እየዞረ ዋጋ የሚመዘግበው የዋጋ ንረቱን ለማስላት ነው። ለምን እንደቆጠረ ካወቅህ ማንን ሳይቆጥር እንደተወ ታውቃለህ ይላሉ።

ወዲያው ምሳሌ አሳዩኝ። የዓለም ባንክ የድርጅቶች ጥናት የሚባል አለው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2015 ተካሂዷል። ጥሬ ዳታው ተመዝግቦ ለጠየቀ በነፃ ይሰጣል። ደስ አለኝ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ማብራሪያ ሰነዱን ከፈቱና አንዷን አረፍተ ነገር በጣታቸው አሳዩኝ። ጥናቱ የሚይዘው ሕጋዊ ምዝገባ ያላቸውንና 5 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያሏቸውን ድርጅቶች ነው። ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ረዳቱ ጋር የሚሠራው ልብስ ሰፊ እዚያ ውስጥ የለም። አሞራ ገደል አሣ የምትሸጠዋም የለችም። እኔ ላጠና ያሰብኩት ደግሞ እነሱን ነው።

ታዲያ ዳታውን ጣለው አላሉኝም። "መልሱ አይሆንህም፣ ጥያቄው ግን ይሆንሃል" አሉኝ። መጠይቁም እንደ ዳታው በነፃ የሚገኝ ነው። እዚያ ውስጥ ብድር ላልጠየቀ ድርጅት የሚቀርብ ጥያቄ አለ፦ ያልጠየቃችሁበት ዋናው ምክንያት ምንድን ነው? ምርጫዎቹም ተዘርዝረዋል። ብድር ስላላስፈለገን፣ አሠራሩ ስለሚወሳሰብ፣ ወለዱ ስላልተመቸን፣ መያዣው ስለከበደን፣ ይፈቀድልናል ብለን ስላላሰብን፣ ወዘተ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ስለነበረ። ባንክ ውስጥ የምናየው ማመልከቻ ይዞ የመጣውን ሰው ነው። ፎርም ሞልቷል፣ ወይ ጸድቆለታል፣ ወይ ተመልሷል። በሩን ያልረገጠው ሰው በመዝገባችን የለም። "ብድር አልፈልግም" ያለውና "ሄጄስ ማን ይሰጠኛል" ብሎ የተወው ሰው ለእኛ አንድ ናቸው፤ ሁለቱንም አናያቸውም። የመጀመሪያው ረቂቅ መጠይቄ "ባለፉት 12 ወራት ብድር ጠይቀው ያውቃሉ?" የሚል ነበር፤ አዎ ወይም አይደለም፣ አለቀ። ጋሼ ባሳዩኝ መሠረት የምክንያቱን ጥያቄ ጨመርኩበት። በዲፌንሱ ቀን ፈታኞቹ ብዙ የተወያዩበት ሰንጠረዥ ከዚህች ጥያቄ የወጣው ነው። መያዣ የሚለው መልስ ሲመጣም ጋሼ የት እንደሚልኩኝ ያውቁ ነበር። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011ን ከነጋሪት ጋዜጣው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ቤትና መሬት የሌለው ሰው ማሽኑን ወይም የመጋዘን ዕቃውን እንዲያስይዝ በሕግ የተፈቀደለት በዚህ ነው። ብድር ክፍል የምንሠራ ሰዎች እንኳ ስሙን ሰምተን አንቀጾቹን አላነበብናቸውም፤ በራሴ አልፈርድም፣ ቢሮው ሁሉ እንደዚያው ነው።

ሌላም ጥያቄ አነሱብኝ። "ነጋዴው ባንክ ከለከለኝ ሲል፣ በዚያ ዓመት ባንኩ ራሱስ እጁ አልታሰረም ነበር?" ልክ ናቸው። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ የባንኮች ብድር በዓመቱ ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አስቀምጦ ነበር። ከዚያ ቀደም ደግሞ ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ይህን በሥራዬ በደንብ አውቀዋለሁ። ጥናቴ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው ብዬ ግን አላሰብኩትም ነበር። ሰው የራሱን ቢሮ ጉዳይ ሊትሬቸር ነው ብሎ አይቆጥረውም መሰለኝ።

የክፍል ጓደኞቼም በየፊናቸው ከጋሼ የተረፋቸው ነገር አለ። አንዷ የዋጋ ንረት ላይ ነበር የምትሠራው። ከብሔራዊ ባንክ ሪፖርትና ከዓለም ባንክ የወሰደቻቸው ቁጥሮች አልገጥም አሏት። ጋሼ በመጀመሪያ የጠየቋት የዘመን አቆጣጠሩን ነው። የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። 2010 በጀት ዓመት ስንል ፈረንጆቹ 2017/18 ይሉታል። ከዓለም ባንክ ሰንጠረዥ ግን አንድ ነጠላ ዓመት ብቻ ነው የሚታየው። ማብራሪያውን የከፈተ ሰው የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ጁላይ 7 ላይ እንደሚያልቅ ተጽፎ ያገኘዋል። ማን ይከፍተዋል! ቀጥለው ደግሞ የመነሻ ዓመቱን አሳዩዋት። የዋጋ ኢንዴክሱ አንድ ጊዜ ዲሴምበር 2011ን መቶ ብሎ ይነሳል፣ ሌላ ጊዜ ዲሴምበር 2016ን። ሁለቱን ሳያገናኙ ከላይ ወደ ታች መደርደር አይቻልም።

ሌላው ጓደኛችን ስለ ሲዳማ ክልል ቤተሰቦች ወጪ ሊሠራ ፈልጎ "ዳታ የለም" ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ዳታው ነበር። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በተሰበሰበው ሁሉ ውስጥ የሚገኘው በደቡብ ክልል ሥር፣ እንደ ዞን ነው። አርቲክል ሲፈልግም ሲዳማ ብቻ ሳይሆን ሲዳሞ ብሎ፣ ሀዋሳ ብቻ ሳይሆን አዋሳ ብሎ እንዲፈልግ ነገሩት። የቡናው ጽሁፍ ሁሉ ሲዳሞ በሚለው ስም ተከማችቶ አገኘው። የቤተሰብ ጥናቱንም ዙር በዙር አስረዱት። የኢትዮጵያ ሶሺዮ ኢኮኖሚክ ሰርቬይ የመጀመሪያው ዙር፣ እ.ኤ.አ. የ2011/12ቱ፣ ገጠሩንና ትንንሽ ከተሞችን ብቻ ነው የያዘው። ትልልቅ ከተሞች የገቡት በሁለተኛው ዙር ነው። አራተኛው ዙር፣ እ.ኤ.አ. የ2018/19ኙ፣ ደግሞ በአዲስ ቤተሰቦች ነው የተጀመረው። ስለዚህ አንድን ቤተሰብ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ልከታተል ማለት ዘበት ነው።

አርቲክል በገንዘብ ነው ብላችሁ የምትተዉም አትተዉ። ጄስቶር የሚባለው የጆርናሎች ማከማቻ ለአፍሪካ የትምህርት ተቋማት በነፃ የሚከፍትበት ፕሮግራም አለው። ጆርናሎችን የሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍም እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ክፍት ነው። መግቢያው የተቋሙ ስለሆነ በላይብረሪው በኩል ነው የሚገኘው። (የይለፍ ቃሉን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የምትለጥፉ ልጆች፣ እባካችሁ! የተቋሙን መግቢያ ነው የሚያዘጋው።) ሁለቱም እምቢ ካሉ አይዲያስ የሚባለው የኢኮኖሚክስ ማውጫ አለ። ጆርናሉ ለሚያስከፍልበት ጽሁፍ ቀድሞ የወጣው ወርኪንግ ፔፐር፣ ማለትም ከኅትመት በፊት ያለው ረቂቅ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ በነፃ ይገኛል። ባንክና ማይክሮፋይናንስ ለምታጠኑ ጂ21 የሚለውን የጄል ኮድ (የኢኮኖሚክስ ጽሁፎች በርዕስ የሚመደቡበትን መለያ) ያዙ፤ በቃል ከመፈለግ ይሻላል።

ዞቴሮን፣ የማጣቀሻ ዝርዝር የሚያዘጋጀውን ሶፍትዌር፣ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። ሶፍትዌሩ የአባትን ስም እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ይቆጥርና ያገራችንን ጸሐፊዎች ስም ይገለብጠዋል። አንዱ ሰው በአንዱ ገጽ በራሱ፣ በሌላው በአባቱ ስም ይጠራል። ዞቴሮ ላይ ስሙን በአንድ ሳጥን ውስጥ ሙሉውን ማስገባት ይቻላል። አድቫይዘራችሁ በየትኛው መንገድ እንደሚፈልግ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መምህራን የሚመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው። "ክፈሉና በሳምንት እናትምላችኋለን" የሚል ኢሜይል የደረሰው ሁሉ ጋሼ ዘንድ ይመጣል። እሳቸው ጆርናሉ በዶአጅ፣ ማለትም በነፃ የሚነበቡ ጆርናሎች ተመርምረው በሚመዘገቡበት ማውጫ፣ ውስጥ መኖሩን፣ የአዘጋጆቹ ስም እውነተኛ መሆኑን፣ ያለፉት እትሞች ይዘት ምን እንደሚመስል ያያሉ። ብዙውን ጊዜ መልሳቸው አጭር ነው፦ "ገንዘብህን ያዝ።"

የማይሠሩትንም ልንገራችሁ። ርዕስ አይሰጡም። ስታታ በሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሪግሬሽን አይሠሩላችሁም፤ "እሱ የአድቫይዘርህ ነው" ይላሉ። ለማስረከብ ሳምንት ሲቀረው ለሚመጣ ሰው ፊታቸው ይጠቁራል። ይህን ባህሪያቸውን የሚያማርሩ አሉ። እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም፤ በዚያ ሰዓት ሰው የሚፈልገው እርዳታ ሳይሆን ተአምር ነው። ከግቢ ውጭ "ቴሲስ እናማክራለን" የሚል ወረቀት የሚለጥፉ ቤቶች ግን ማንንም አይመልሱም። ከመካከላቸው አንዱ ለአንድ ጓደኛችን በፍላሽ ዳታ ሸጦለታል። ፋይሉ ሲከፈት ማንም በነፃ የሚያወርደው የዓለም ባንክ ሰንጠረዥ ነው።

ለላይብረሪው ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። የኤክስቴንሽን ተማሪ በሥራ ቀን መምጣት አይችልም። ጋሼ ለእኛ ሲሉ ቅዳሜ ጠዋት የመጡት በራሳቸው ፈቃድ ነው። የቅዳሜው ሰዓት በመርሃ ግብር ተይዞ፣ አበልም ታስቦበት፣ አንድ ረዳት ቢጨመር ደግ ነው። አንድ ሰው ጡረታ ሲወጣ አብሮት የሚሄድ አገልግሎት መሆን የለበትም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችሁ በፊት ሂዱ። ማወቅ የምትፈልጉትን በአንድ አረፍተ ነገር ጽፋችሁ ያዙ። ላፕቶፕና ፍላሽ አትርሱ። መብራት ከሄደ ጋሼ በወረቀት ይቀጥላሉ፤ እንዲያውም በወረቀት ይሻላቸዋል። ምሳ ሰዓታቸውን ግን አክብሩ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እንዳሉኝ መጠይቁንና የሰበሰብኩትን ዳታ የነጋዴዎቹን ስምና ስልክ አውጥቼ፣ ከነማብራሪያው ለላይብረሪው አስረክቤያለሁ። ከሚቀጥለው ባች በሀዋሳ ነጋዴዎች ብድር ላይ መሥራት የሚፈልግ ካለ ከእሳቸው ይጠይቅ።